የኮቴ ድምፅ

በአይሪሽ ቋንቋ መንገድ «ቦኸር» ይባላል። «ቦ» ማለት ላም ናት፤ «ቦኸር»ም ከእሷው የወጣ ቃል ነው። አንድ የጥንት መዝገበ ቃላት የመንገድን ስፋት ሲተረጉም ሁለት ላሞች፣ አንዷ በቁመት አንዷ በአግድም ቢቆሙ የሚበቃቸው ነው ይላል። አገሩ መንገዱን የለካው በላም ነው እንግዲህ። ይህን የነገሩኝ የሰማንያ ስድስት ዓመት ገበሬ ናቸው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርት ያቋረጡ ሰው ናቸውና «ከመምህሬ የቀረችኝ እውቀት ይቺ ብቻ ናት» ብለው ሳቁ።

እኔ አየርላንድ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከጎልዌይ በስተምሥራቅ፣ በባሊናስሎ አካባቢ ባለው ገጠር፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት ከእኚህ ሽማግሌ ቤት እገባለሁ። ቁርስ እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን እቆጥርላቸዋለሁ፣ እሳት አነድዳለሁ። ማገዶው ከረግረግ ተቆርጦ በነፋስና በፀሐይ የደረቀ ጥቁር አፈር ነው፤ ጭሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሸተው ኩበት መስሎኝ ምድጃውን ከፍቼ አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፤ እዚህም የምጽፈው በልቤ እንደምጠራቸው ነው።

ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ስለ ዝናብ ትንሽ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ትንሽ፣ ከዚያ ዝም። ስለ ድሮው የከብት ገበያ ከተነሳ ግን ሻዩ ይቀዘቅዛል። በአይሪሽ ገበያው «ኢነኽ» ይባላል፤ በቲፐረሪ አውራጃ ያለችው የኒና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው። አጥርና በር ያለው ገበያ እንዳይመስላችሁ። ገበያው የከተማው ዋና መንገድ ራሱ ነው። በወር አንድ ቀን፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ባለበት ጎዳና ላይ ከብቱ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል።

ጉዞው የሚጀመረው በሌሊት ነው። ሽማግሌው ከአባታቸው ጋር መጀመሪያ የሄዱት በ1948 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናታቸው ቀሰቀሰቻቸው። ዳቦና ቅቤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በኪስ፣ የአመድ ዛፍ በትር በእጅ። ያኔ ገጠሩ መብራት አልነበረውም። የገጠር መብራት ዝርጋታ የተጀመረው በ1946 ሲሆን የመጀመሪያው ምሰሶ የቆመው ከደብሊን አጠገብ ነው፤ እሳቸው ቀዬ እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ሦስት ወይፈኖች በጨለማ፣ ፋኖስ ይዞ መንዳት ነው። የልጅ ሥራ ቀድሞ መሮጥ ነው፦ በየመስቀለኛው መንገድ፣ የሰው ግቢ በር ክፍት በሆነበት፣ አጥሩ በሳሳበት ሁሉ እየቀደሙ መቆም። ከብቱ ሲያልፍ ደግሞ በእርሻው ጥግ ሮጦ እንደገና መቅደም። «ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ሃያ ስምንት ሮጫለሁ» ይላሉ።

ሲነጋ ከተማ ይደርሳሉ። ባለሱቆቹ ከዋዜማው ጀምረው መስኮታቸውን በእንጨት አጥረዋል፤ የተደናገጠ ወይፈን በመስታወት ውስጥ ራሱን ካየ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ። ሁሉም ገበሬ የለመደው ቦታ አለው፤ አባቱ የቆሙበት የሱቅ በር ላይ ልጁም ይቆማል። እበቱ፣ የከብቱ ትንፋሽ እንፋሎት፣ የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ ከንጋቱ የተከፈተው መጠጥ ቤት። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ አፍንጫቸው ይሰፋል።

ከዚያ ገዢው ይመጣል። ገዢው ቸኩሎ አያውቅም። ከብቱን አያየውም፤ አልፎ ይሄዳል። ይመለሳል። «ስንት ትላለህ ለነዚህ ድመቶች?» ይላል። ገበሬው «ሃያ ስምንት ፓውንድ አንዱን» ሲል ገዢው እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አዙሮ ይራመዳል። አሁን ሦስተኛው ሰው ብቅ ይላል። «ታንግለር» ይሉታል፤ እኛ ደላላ የምንለው ነው። ማንም አልጠራውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሮጦ የገዢውን ክንድ ይይዛል፣ እየጎተተ ይመልሰዋል። «ምን ጨመርክለት?» «ሃያ አንድ።» «አንተስ ምን ቀነስክ?» «አንድም።» ደላላው የሁለቱንም እጅ በግድ ያገናኛል፤ ገበሬው እጁን ይመነጭቃል። ዙሪያውን ሰው ከብቦ ያያል፣ ያማክራል፣ ይሳደባል። መጨረሻ ላይ ደላላው «እኩል ተካፈሉት!» ይላል፦ ሃያ አራት ፓውንድ ከዐሥር ሽልንግ። መዳፍ ላይ እንትፍ፣ ጧ! በዚህ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። በሰው ፊት መዳፉን ያስመታ ገበሬ ቃሉን ካጠፈ በሚቀጥለው ወር አጠገቡ የሚቆም አያገኝም።

ገዢው የከብቱን ጀርባ በቀይ ቀለም ወይም በጭቃ ምልክት ያደርግበታል። ሒሳቡ ሲከፈል ደግሞ ሻጩ ከተቀበለው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለገዢው ይመልሳል። «የዕድል ሳንቲም» ነው ስሙ። ይኼን ስሰማ ሳቅሁ፤ ጤፍ ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ የምትጨምረው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ምርቃት ነው እኮ! ሽማግሌው ግን ነገሩን በቁም ነገር ነው የያዙት። «የዕድል ሳንቲም ያልሰጠህበት ከብት ቢሞት ጥፋቱ ያንተ ነው» አሉኝ።

የተሸጠው ከብት ወደ ባቡር ጣቢያ ይነዳል። ከዚያ ደብሊን፣ ከደብሊን ወደብ በመርከብ እንግሊዝ። የአየርላንድ ገበሬ ኑሮ የተንጠለጠለው በዚህ መስመር ላይ ነበር። ከ1932 እስከ 1938 ሁለቱ መንግሥታት በመሬት ዕዳ ክፍያ ተጣልተው እንግሊዝ በአየርላንድ ከብት ላይ ቀረጥ ስትጥል ገበያው ወደቀ፤ የአየርላንድ መንግሥት ራሱ ጥጃ አርዶ ቆዳውን ለሚያመጣ ገንዘብ እስከ መክፈል ደረሰ። ሽማግሌው የተወለዱት ጠቡ ባበቃበት ዓመት ነው። አባታቸው ግን በገዛ እጃቸው ያረዷቸውን ጥጆች እስኪሞቱ ድረስ ይቆጥሯቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ሰማሁ፤ ደጋግሜም ሰማሁ። ፍልሚያው፣ ሳቁ፣ ደላላው፣ ለልጅ የሚገዛው ሎሚናትና ብስኩት። አንድ ጠዋት ሳህን እያጠብኩ «እናትዎስ?» አልኳቸው። «ምን እናቴስ?» «በገበያው ቀን እናትዎ ምን ታደርግ ነበር?»

ዝም አሉ። ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህን የጠየቃቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

«ታዳምጥ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

የእናቲቱ ቀን እንዲህ ነበር። ወንዶቹ ከወጡ በኋላ ላሞቹን ታልባለች፣ ዶሮ ትመግባለች፣ አሳማ ትቀልባለች። የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብ የእሷ ነው፤ በዚያ ስኳርና ሻይ ቅጠል ትገዛለች። የከብቱ ገንዘብ ግን ዓመቱን የሚወስን ነው። የመሬቱ ክፍያ ከእሱ ነው፤ ባለሱቁ ከክረምት ጀምሮ በመዝገብ የጻፈው ዱቄትና የልጆች ጫማ የሚከፈለው ከእሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን በር ላይ ትቆማለች። ማየት ሳይሆን መስማት ነው የምትፈልገው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሰው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። የኮቴ ድምፅ ከሰማች ወይፈኖቹ አልተሸጡም ማለት ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ተጉዘው፣ ከስተው፣ ተርበው እየተመለሱ ነው። የሰው እርምጃ ብቻ ከሰማች ተሽጠዋል። ያኔ ገብታ ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች።

«አንዳንዴ ደግሞ» አሉ፣ «እርምጃውንም ሳትሰማ ይመሻል።» የቀረውን አልተናገሩም። መጠጥ ቤቱ ከንጋት ጀምሮ ክፍት እንደነበር ቀደም ብለው ነግረውኛል፤ ድርድሩ የሚዘጋውም ገንዘቡ የሚቆጠረውም እዚያ ነው። የእሳቸው ሳቅና የእናታቸው ጭንቀት አንድ ቀን ነበር።

ያን ቀን ማታ ወደ አገር ቤት ደወልኩ። አባቴ በሰሜን ሸዋ ገጠር በግ እየገዛ እየሸጠ ነው ያሳደገን። ሴት ልጅ በግ ተራ አትሄድም ተብሎ እኔ ገበያውን የማውቀው ይዞልን በሚመጣው ከረሜላ ብቻ ነው። እናቴን «አባዬ ከገበያ ሲመለስ አንቺ እንዴት ነበር የምታውቂው፣ መሸጡንና አለመሸጡን?» አልኳት።

«ምን አስታወሰሽ ዛሬ?» አለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ «በሳሉ ነዋ» አለች። «ከሸጠ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ያስላል፣ ውሻውን ይቆጣል፣ የእናንተን ስም ይጠራል። ካልሸጠ እንደ ሌባ ነው የሚገባው፤ እግሩን ላጥበው ጎንበስ ስል ነው መምጣቱን የማውቀው።» ትንሽ ቆይታ «ታዲያ ስሙን ሳልጠራ አጥበው ነበር» አለች። አባቴ ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ገበያዎቹ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የቃል ባህል ኮሚሽን ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ታሪክ እየጠየቁ በደብተር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፤ ወደ 5,000 ከሚጠጉ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው ጽሑፍ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል። ልጆቹ ከተጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የአካባቢያቸው ገበያ ነው፦ መቼ ይቆማል፣ ቀረጥ ይከፈላል ወይ፣ የዕድል ሳንቲም ስንት ነው፣ ሲስማሙ ምን ያደርጋሉ። ልጆቹ በጥንቃቄ በጻፉት የእጅ ጽሕፈት ውስጥ መዳፉ፣ ምራቁ፣ የቀለሙ ምልክት ሁሉ አለ። ሽማግሌው አልዋሹኝም ማለት ነው።

ግን ሌላም ገበያ ነበር። በሰሜኑ ክፍል፣ በዶኒጎልና በታይሮን አገር፣ እንደ ሌተርኬኒና ስትራባን ባሉ ከተሞች፣ በግንቦትና በኅዳር ወር የቅጥር ገበያ ይቆም ነበር። እዚያ ጎዳና ላይ የሚቆመው ከብት አይደለም፤ ልጅ ነው። ከድሃ ገጠር የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ አንዳንዶቹ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ጥቅል ልብሳቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ገበሬው ክንዳቸውን ዳስሶ ለስድስት ወር ይቀጥራቸዋል። ደሞዛቸው የሚከፈለው ስድስቱ ወር ሲያልቅ ነው። ዶኒጎል የተወለደው ደራሲ ፓትሪክ ማጊል በልጅነቱ በዚህ መንገድ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ በ1914 ባሳተመው መጽሐፉም ያን ሕይወት አውጥቶታል። በዚያም ገበያ ክርክር ነበር፣ በዚያም «እኩል ተካፈሉት» የሚል ሰው ነበር።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። በእኛ ወገን አልነበረም አሉ። ከዚያ ግን፣ «ወንድሜም በገበያ ቀን ነው የሄደው» አሉኝ። ታላቅ ወንድማቸው ነው። በ1955 መኸር ወይፈኖቹ ጥሩ ዋጋ አወጡ። አባትየው ከገንዘቡ ቆጥሮ ለእንግሊዝ መሳፈሪያ ሰጠው። ከብቱ በተጫነበት ጣቢያ በዚያው ሳምንት እሱም ተሳፈረ። በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ከአየርላንድ ወደ 400,000 ሰው ወጥቷል፤ ሦስት ሚሊዮን እንኳ በማይሞላ ሕዝብ። ወንድም በርሚንግሃም በግንበኝነት ኖሮ እዚያው ተቀበረ። እርሻው ለታናሹ ቀረ። ታናሹም ከእርሻው ጋር ቀሩ፤ ሚስት ሳያገቡ፣ ከላሞቻቸው ጋር።

ታዲያ ናፍቆት ምኑን ነው የሚመርጠው? እኔ ሽማግሌውን ተሳስተዋል ብዬ ልሞግታቸው አልፈለግሁም። የዐሥር ዓመት ልጅ በሌሊት ከአባቱ ጋር መሄዱ፣ እንደ ሰው መቆጠሩ፣ ያ እውነት ነው። በሩ ላይ ቆማ የምታዳምጠዋም እውነት ናት። ገበያውን ከወንዶቹ አፍ ብቻ ብንሰማ ግማሹን ነው የምንሰማው፤ ሌላው ግማሽ ቤት ነው የቀረው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የጎዳናው ገበያ የሞተው ቀስ በቀስ ነው። በ1950ዎቹ ገበሬዎች ራሳቸው በማኅበር እየተደራጁ «ማርት» የሚባሉ የጨረታ አዳራሾች ማቋቋም ጀመሩ፤ በ1967 ደግሞ ማርቶቹን የሚመራ ሕግ ወጣ። በማርት ውስጥ ከብቱ ይመዘናል፣ ክብደቱ በሰሌዳ ላይ ይታያል፣ ገዢዎች በጨረታ ይፎካከራሉ፣ ክፍያው በቼክ ነው። በ1954 በተጀመረው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ማጥፊያ ዘመቻ ምክንያትም የየከብቱን ጤና መመርመርና መመዝገብ ግድ ሆነ፤ ይኼ ደግሞ በጎዳና ላይ አይሆንም። ባለሱቆችም እበት ከመጥረግ ተገላገሉ። ዛሬ የቀሩት ለበዓልና ለፈረስ የሚቆሙት ናቸው፦ በጥቅምት የባሊናስሎ የፈረስ ገበያ፣ በነሐሴ ደግሞ ከተራራ የተያዘ አውራ ፍየል ለሦስት ቀን ንጉሥ የሚባልበት የኪሎርግሊን ገበያ።

ማርት ለድሃው ገበሬ ይሻለው እንደነበር ሽማግሌውም አይክዱም። «ሚዛኑ አያታልልም፤ አባቴ ሚዛን ቢኖረው ኖሮ ስንቱን ወይፈን በርካሽ ባልሰጠ» ይላሉ። «ግን ከሚዛን ጋር አታወራም።»

ባለፈው መኸር ሐኪማቸው ከብት መጠበቁን ማቆም አለብዎ አላቸው። አንዲት ጊደር ገፍታቸው ጭቃ ላይ ወድቀው ነበር። አምስት ጊደሮች ነው የቀሯቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ነገሩ አልተናገሩም። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታቸው ተጎታቹን ይዞ እንደሚመጣ ነገሩኝና፣ «ነፃ ከሆንሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ?» አሉ። ነፃ አልነበርኩም፤ ከባልደረባዬ ጋር ፈረቃ ተቀያየርኩና ሄድኩ።

በዕድሜዬ ከብት ተራ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በሰው አገር ሆነ እንጂ። ክብ የብረት አጥር፣ ዙሪያውን ደረጃ መቀመጫ፣ ከላይ የአጫራቹ ሳጥን። ሻጩ ከአጫራቹ ጎን ወጥቶ ይቆማል፤ ዋጋው ሲደርስለት ራሱን ነቅንቆ «ይሸጥ» ይላል፤ ካልወደደው ከብቱን ይዞ መመለስ ይችላል። ሽማግሌው ክራቫት አድርገው ነበር። የመጀመሪያዋ ጊደር ገባች። አጫራቹ እንደ ማሽን ይናገራል፤ እኔ ከቁጥሩ በቀር አንድም ቃል አልያዝኩም። ቁጥሩ ቆመ። አጫራቹ ወደ እሳቸው ዞረ። ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ነቀነቁ።

አምስቱም በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተሸጡ።

ገዢው አንድ ወጣት ነው፣ ሦስቱን የገዛው። ሽማግሌው በዱላቸው እየተደገፉ ከመኪና ማቆሚያው ድረስ ፈልገው አገኙት። ከኪሳቸው ሃያ ዩሮ አወጡ። ወጣቱ «ኧረ አያስፈልግም፣ ያኑሩት» አለ። «ለራስህ አይደለም፣ ለከብቶቹ ነው» አሉት። ወጣቱ ትንሽ አያቸው። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ፤ እሳቸው ገንዘቡን አስቀምጠው መታ አደረጉት። ጎረቤታችን ሳቀ። ወጣቱ አልሳቀም፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ አመሰገናቸው።

ስንመለስ ባዶው ተጎታች በየጉድጓዱ ይንኳኳ ነበር። ጎረቤቱ ከበሩ አውርዶን ሄደ። ሽማግሌው ወዲያው አልገቡም፤ ግቢው መሐል ቆመው ወደ መንገዱ ዞሩ። መኪናው በጠመዝማዛው ተሰወረ፤ ከዚያ ምንም አይሰማም። ብርድ ስለነበር ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ትሰሚያለሽ?» አሉኝ።

«ምንም አልሰማም።»

«አዎ» አሉ። «እናቴ ብትኖር ይኼን ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ነበር።»

ገብቼ ጣድኩት።